ውሃ ሲመጣ መብራት፣ መብራት ሲመጣ ውሃ

ሰሞኑን ጎረቤታችን የሆኑ አንድ አባት አጥር ላይ ተደግፈው «እንዴት ነው ያ የገዛኸው የውሃ ማሞቂያ፣ ይሠራል?» ብለው ጠየቁኝ። ይሠራል አልኳቸው። ግን መልሱ እንዲህ አጭር አልነበረም። ቆመን ሳወራቸው ቡናቸው ቀዘቀዘ። ስለዚህ ለሌላውም ቢሆን ልጻፈው።

ደብረ ማርቆስ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ሐምሌ ላይ ጠዋት 12 ሰዓት ሮቶ ውስጥ ባደረ ውሃ የታጠበ ሰው ምን እንደምል ይገባዋል። ራስ ቅል ድረስ ይሰማል። ድሮ ውሃ በማንቆርቆሪያ አፍልተን፣ ሳፋ ላይ በቀዝቃዛ እያበረድን በጣሳ ነበር የምንታጠብ። ሦስት ክረምት ሆነው እኔ ቤት ኢንስታንት ከገባ። ቦይለር አይደለም። ቦይለር ውሃውን አጠራቅሞ ያሞቃል፣ ይሄኛው ግን ምንም አያጠራቅምም፤ ውሃው በውስጡ ሲያልፍ እዚያው ይሞቃል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ ከደብተር ትንሽ የሚበልጥ ነጭ ሳጥን ነው።

እማዬ መጀመሪያ ስታየው ዙሪያውን አየችውና «ታዲያ ውሃው የት ይቀመጣል?» አለች።

«አይቀመጥም እማዬ።»

«ሳይቀመጥ በምን ጊዜ ይሞቃል? በል ማንቆርቆሪያዬን እንዳትነካብኝ።»

ስለ ገመዱ ልጀምር፣ ምክንያቱም የኔም መከራ የጀመረው ከዚያ ነው። የኔ ማሞቂያ 5,500 ዋት ነው። ለ220 ቮልት ስታካፍለው 25 አምፔር ይመጣል። ቤት ውስጥ ያለው ሶኬት ደግሞ የሚችለው 16 ነው። መጀመሪያ የገጠመልኝ ልጅ ይሄን አላሰበም፣ እኔም አልጠየቅኩም፣ ርካሽ ስለጠራልኝ ደስ ብሎኝ ነበር። በአራተኛው ቀን ላስቲክ የሚቃጠል ሽታ መጣ። ሶኬቱን ስንፈታው ውስጡ ቡና መስሏል። ገመዱ ባለ 2.5 ሚሊሜትር ካሬ ነበር፣ ለዚህ ጭነት ቀጭን።

ሁለተኛው ኤሌክትሪሺያን ሽማግሌ ናቸው፣ ብዙ አያወሩም። ከቆጣሪው ሥር ቀጥታ ባለ 6 ሚሊሜትር ካሬ ገመድ ሳቡ፣ የራሱ ባለ 32 አምፔር ብሬከር ሰጡት፣ ሶኬት የሚባል ነገር መሃል ላይ አልገባም። ከዚያ «ግራውንዱስ?» አሉኝ፤ የሚያፈስ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስደውን ገመድ ማለታቸው ነው። ግራውንድ አልነበረኝም። አንዳንዴ ቧንቧውን ስነካ ጣቴን ቆንጠጥ ያደርገኝ እንደነበር ስነግራቸው ሥራቸውን አቁመው አዩኝ። «ልጄ፣ እርጥብ ሆነህ ነው እኮ የምትነካው» አሉ። በዚያው ቀን የመዳብ ዘንግ ጓሮ ተቀበረ፤ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ በቅጽበት የሚቆርጥ ባለ 30 ሚሊ አምፔር ብሬከርም ተጨመረ። ለዚህ ያወጣሁት ገንዘብ ከማሞቂያው ዋጋ አልራቀም። ማሞቂያ ስትገዙ ይህንን አብራችሁ ቁጠሩት።

ምጣድና ማሞቂያ አንድ ላይ አይሄዱም። አንድ ቅዳሜ ራሴን ሳሙና ለቅልቄ የቤቱ ዋና ብሬከር ወደቀ። «ምጣዱን ንቀይው!» ብዬ ጮህኩ። ባለቤቴ ከማድቤት «አሁን ነው ያሰፋሁት፣ ጠብቅ!» አለችኝ። ጠበቅኩ። እንጀራው ሲወጣ እኔም ታጠብኩ።

ማታ ማታ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ሰፈሩ በሙሉ ምጣድና ምድጃ ሲሰካ ቮልቴጁ ይወርዳል። 220 የነበረው 180 ሲሆን ሰው ትንሽ የቀነሰ ይመስለዋል፣ ግን የማሞቂያው ጉልበት በሦስተኛ እጅ ገደማ ይወርዳል፤ የኔ 5,500 ዋት 3,700 አካባቢ ይሆናል ማለት ነው። ማሽኑ ተበላሸ ብዬ ሁለት ጊዜ ፈትቼዋለሁ። ምንም አልሆነም ነበር።

እንግዳ ሲመጣ የሚሳሳተው ነገርም አለ። ውሃው ለብ ሲልበት ቧንቧውን የበለጠ ይከፍታል። ተቃራኒው ነው። ማሞቂያው አቅሙ የተወሰነ ነው፤ በደቂቃ 3 ሊትር ካሳለፍክበት በ25 ዲግሪ ገደማ ያሞቅልሃል፣ 6 ሊትር ካሳለፍክበት ግማሹን ነው። ጠበብ አድርገው፣ ይሞቅልሃል።

በጣም ጠበበ ማለት ግን ደግሞ አይበራም። ውስጡ የውሃ ግፊት ሲያገኝ ብቻ ጠቅ የሚል ነገር አለው፣ ባዶውን እንዳይቃጠል። የኔ ሮቶ ድሮ ዝቅተኛ ቆጥ ላይ ነበር፣ ጠቅ የሚለውን ድምፅ እየጠበቅኩ ራቁቴን የቆምኩባቸው ጠዋቶች ብዙ ናቸው። በኋላ ብረት አስበይጄ ሮቶውን ከሻወሩ ራስ 4 ሜትር ያህል ከፍ አደረግኩት። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ግፊት ስለሚሰጥ የኔ 0.4 መሆኑ ነው፤ ለኔው በቃ። ያንተ ስንት እንደሚፈልግ ጀርባው ላይ ተጽፏል፣ ሳትገዛ አንብበው።

አሁን ጥገናው። ውሃ ሁለት ሦስት ቀን ጠፍቶ ሲመለስ ቀይ ሆኖ ነው የሚመጣው። ያን ጊዜ መጀመሪያ የግቢውን ቧንቧ እከፍታለሁ፣ ጥርት እስኪል ማሞቂያው ጋ አላስደርሰውም። ያም ሆኖ ያልፋል። ስለዚህ በየሁለት ወሩ ብሬከሩን አወርዳለሁ፣ ውሃውን እዘጋለሁ፣ መግቢያውን በፒንሳ እፈታለሁ። እዚያ ውስጥ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ወንፊት አለች። ባለፈው ሳወጣት ወንፊትነቷ አይታወቅም ነበር፤ ዝገት፣ አሸዋ፣ የቴፍሎን ቁራጭም ነበረባት፣ እሱ የቧንቧ ሠራተኛው ስጦታ ነው። ባረጀ የጥርስ ብሩሽ ፈትጌ መለስኳት። ስትመልሱ አንድ ነገር፦ ብሬከሩን ከማንሳታችሁ በፊት ውሃውን ልቀቁት፣ አየሩ እየተፋ እስኪያልቅ። ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ውሃውን የሚያሞቀው ሽቦ፣ አየር ውስጥ ከበራ አለቀለት።

ነጩ ቅርፊትስ? የእማዬን ማንቆርቆሪያ ውስጡን አይቼ ነው የምገምተው። እዚያ ከወፈረ እዚህም ወፍሯል። የሻወሩን ራስ ፈትቼ አቼቶ ውስጥ አሳድረዋለሁ፣ ጠዋት ቀዳዳዎቹ ሁሉ ተከፍተው አገኛለሁ። ሎሚም ይሆናል። ማሞቂያውን ራሱን በዓመት አንዴ፣ ብሬከሩ ወርዶ፣ በውሃ የተበረዘ አቼቶ በቱቦው አስገብቼ አንድ ሰዓት አቆየውና በብዙ ውሃ አጥበዋለሁ። ሻወር ቤቱ ለሁለት ቀን ሰላጣ ሰላጣ ይሸታል።

በፍጆታ ከሆነ አልከፋም። 50 ሊትር ቦይለር ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.6 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ እኔ 10 ደቂቃ ብታጠብ ከ1 በታች ነው። ግን ጎረቤቴ ቦይለር ልግዛ ቢሉኝ አልከራከራቸውም። የሳቸው ውሃ መብራት ከጠፋም በኋላ ለሰዓታት ሙቅ ነው። የኔ መብራትና ውሃ በአንድ ደቂቃ እንዲገናኙ ይፈልጋል፤ እኛ ሰፈር ደግሞ ሁለቱ ብዙም አይዋደዱም።

ባለፈው ሐሙስ ሳሙናው ዓይኔ ላይ እያለ ድርግም አለ። በሩ ተንኳኳ። እማዬ በከሰል ያሞቀችውን በጆግ ይዛ ቆማለች።

«እንካ» አለች፣ «ያንን ሳጥንህንም ከዚህ ቅመስ በለው።»