የአባቴ እጅ ለምን ዘገየ?

አባቴ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ከአርባ ዓመት በላይ ልብስ ሲሰፋ ኖሯል። ባለፈው ክረምት አጠገቡ ተቀምጬ ሳስተውል፣ እጁ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው መቀስ እንደ ድሮው ፈጥኖ ይነሳና ገና መንገድ ላይ ሳለ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ የቀረውን ርቀት አቅጣጫውን እያስተካከለ በጥቂት በጥቂቱ ይጨርሰዋል። ይህን ከድካም ብቻ እቆጥረው ነበር፤ ስህተቴ ነበር።

ሮበርት ዉድወርዝ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1899 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ወደ ዒላማ የሚዘረጋ እጅ መጀመሪያ አንጎል አስቀድሞ ባሰናዳው ትእዛዝ ይወነጨፋል፤ ከዚያም ዓይን በሚያቀብለው መረጃ እየታረመ ያርፋል። ዕድሜ ሲገፋ የመጀመሪያው ውንጨፋ ያጥራል፣ የእርማቱ ጊዜ ይረዝማል።

አንዱ ምክንያት ጡንቻን የሚያዙ የነርቭ ሴሎች ከዓመት ዓመት መመናመናቸው ነው። የሞቱት ያዝዟቸው ከነበሩት የጡንቻ ክሮች ብዙዎቹን በሕይወት የቀሩት ሴሎች ይረከቧቸዋል፤ ነገር ግን አንዱ ሴል ብዙ ክር በአንድ ጊዜ ስለሚያንቀሳቅስ ኃይልን በስሱ መመጠን ይከብዳል። ክንድ የት እንዳለ ሳያዩ የሚያሳውቀው ስሜትም ይደክማል፤ አባቴ ድሮ ዓይኑን ከጨርቁ ሳይነቅል ያነሳው የነበረውን ጠመኔ አሁን አይቶ ነው የሚያነሳው። (እጅ በድንገት፣ በአንድ ወገን ብቻ ከዛለ ግን ነገሩ የዕድሜ አይደለምና ሰዓት ሳይባክን ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።)

እጁ ዓይኑን ይህን ያህል ከተደገፈ፣ የጦሳ ተራራ ጉም ሱቋን በሚያጨልምበት ቀን መብራት ማቅረብ፣ እኛ ልጆቹ ከምናበዛው «ቶሎ በል እንጂ» እጅግ ይሻለዋል። መቸኮል ለእርማት የሚያስፈልገውን ጊዜ ስለሚነሳው መሳሳትን ያበዛል።

መብራቱን አስጠግቼለት የኮት እጅጌ ላይ ሲያሰምር ጠመኔው ጣቶቹ መካከል ቀጭ ብሎ ተሰበረ። የጣት ቆዳ ሲደርቅና ስሜቱ ሲቀንስ፣ እጅ የያዘው ነገር እንዳያመልጠው ከሚገባው በላይ ይጨብጣል። አባቴ ስባሪውን ጥቂት አየና በቀረው ቁራጭ መስመሩን ቀጠለ። ሲጨርስ ማስመሪያ አምጥቼ ለካሁት፤ ዝንፍ አላለም።