ካቻቪቴ ጆሮ ላይ

ከትናንት ማታ ጀምሮ ከሰው ጋር ማውራት አላሰኘኝም። የሰኔ ብርድ ይሁን ሌላ፣ እንጃ። ዛሬ ጠዋት ቀድማ ያናገረችኝ መኪናዬ ናት። ከግቢ ልወጣ መሪውን ወደ ግራ ስጠመዝዝ «እኝኝኝ» አለች። አሮጊቷን ታውቋታላችሁ፤ የ97 ሞዴል ኮሮላ ናት፣ ለማልቀስ ሰበብ አታጣም። ዛሬ ግን ልቅሶዋ ከኔ ስሜት ጋር ገጠመና ሞተሩን ሳላጠፋ ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ።

ጋሼ ያስተማሩኝ አለ። ሹል ፉጨት ከሆነ ቺንጊያው ነው፣ የፓወር ስቲሪንጉን (መሪ የሚያቀልለውን) ፖምፓ የሚያዞረው ቀበቶ፤ ትንሽ ውሃ ጣል ሲደረግበት ድምፁ ይቀየራል። መሪው ጥግ ሲደርስ ብቻ የሚሰማ ጩኸት ብዙም አያስፈራም፤ ግፊቱ በዝቶ ቫልቩ ሲያስተነፍስ ነው። (እዚያ ጥግ ላይ መሪውን ይዞ መቆየት ግን ፖምፓውን ማቃጠል ነው።) ቤንዚን ሲሰጡት ከፍ እያለ፣ መሪ ሲዞር የሚብስ ማቃሰት ከሆነ ደግሞ ወይ ዘይት አንሷል ወይ አየር ገብቷል።

የኔዋ ታቃስታለች። የመሪውን ዘይት ክዳን ስፈታ ቀይ መሆን የነበረበት ዘይት ያደረ ሻይ መስሏል፤ ላዩ ላይ አረፋ፣ ልክ እንደ ማኪያቶ። አረፋ ካለ አየር አለ። ነገር ግን ከሥር አንዲት ጠብታ የለም። ጋሼ «ወደ ፖምፓው የምትወርደው ቱቦ ትስባለች እንጂ አትገፋም፤ ማሰሪያዋ ከላላ ዘይት ሳታፈስ አየር ትጠጣለች» ይሉ ነበር። እንግዲህ ማሰሪያውን ማጥበቅ፣ ዘይቱን መቀየር፣ የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንስቶ ሞተር ሳይነሳ መሪውን ከጥግ ጥግ እያዞሩ አየሩን ማስወጣት ነው። ፖምፓው ራሱ ካልተበላ ማለቴ ነው።

መበላቱን ለማወቅ ረጅሙን ካቻቪቴ ፖምፓው ላይ አስደግፌ እጀታውን ጆሮዬ ላይ ገጠምኩ። ጎረቤቴ እትዬ በበሩ ሲያልፉ አዩኝና «ምነው ልጄ፣ ስልክ ነው?» አሉ።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ካቻቪቴው ጆሮዬ ላይ እንዳለ «ካቻቪቴ» የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ካቻቪቴ፣ ፖምፓ፣ ቺንጊያ፣ ኩሽኔት፣ ኮፈን፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን። ጣልያን በ1933 ተሸንፎ ወጣ እንላለን፤ ከኮፈን ሥር ግን ማን አስወጣው? ታዲያ «ፓወር ስቲሪንግ» ለምን እንግሊዝኛ ሆነ? አሜሪካኖቹ ክራይስለር ኢምፔሪያል ላይ ገጥመው ለገበያ ያቀረቡት በፈረንጆች 1951 ነው፤ በኛ 1943። ጣልያን ከሄደ አሥር ዓመት አልፎታል፤ ስም ሳያወጣለት አመለጠው። የኔ ግምት ነው፣ ማንም አልነገረኝም። ስለዚህ ይቺ የምታቃስተው ነገር ግማሽ እንግሊዝ፣ ግማሽ ጣልያን፣ ዜግነቷ ጃፓን ናት። «መሪ» ብቻ የኛ ነው።

ከዚያ አያቴ ትዝ አሉኝ። ትሬንታ ኳትሮ የሚባለውን የጣልያን ጭነት መኪና ይነዱ ነበር፤ መሪ የሚያግዝ ፖምፓ ያኔ የት አለ? ጣርማ በር ተራራ ላይ መሪ ሲጠመዝዙ የሚያቃስቱት ራሳቸው ነበሩ ይባላል። ቢያቃስቱ ማን ካቻቪቴ ደረታቸው ላይ ያስደግፋል? ደግሞስ ያ ድምፅ በምን ቋንቋ ነበር እያልኩ ስብሰባው አመለጠኝ። ለአለቃዬ «የመኪና ችግር» አልኩት። ውሸት አይደለም።

አሁን ማታ ሦስት ሰዓት ነው። ሳንቲም ፍለጋ እጄን ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ስከት አንድ ክብ ጥቁር ነገር አገኘሁ። የዘይቱ ክዳን። ቀኑን ሙሉ ከቦሌ መርካቶ ስነዳ ነው የዋልኩት።

ለመሆኑ ዘይቱን ጨምሬ ነበር?