ስበደል ዝም አላልኩም፣ አልተበቀልኩምም

አብሮኝ የሚሰራ አንድ ሰው ለረጅም ጊዜ ሰላም አሳጥቶኝ ነበር። የሰራሁትን ሪፖርት የራሱ አስመስሎ ያቀርባል፣ ሚቲንግ ላይ ገና አፌን ስከፍት ያቋርጠኛል፣ እኔ በሌለሁበት ደግሞ "ጸሎት ምናምን የሚባለው ሁሉ ለታይታ ነው" እያለ ያወራል። ከሁሉም ያመመኝ ይሄኛው ነው፣ ምክንያቱም ስራዬን ሰው አይቶ ሊፈርድ ይችላል፣ ልቤን ግን ለማን አውጥቼ አሳያለሁ? ያማከርኳቸው አማኞች "ቻል አድርገው፣ መስቀል ነው" አሉኝ። በፍቅር እንዳሉኝ አውቃለሁ፣ ግን መጽሐፍ ቅዱሱን ቁጭ ብዬ ሳነበው መቻል ማለት ድምፅን ማጥፋት ሆኖ አላገኘሁትም።

መጀመሪያ የያዝኩት ጸሎት ነው፣ የሚያምር ጸሎት ግን አልነበረም። ማቴዎስ 5፥44 ለሚያሳድዷችሁ ጸልዩ ይላል፣ እሺ፣ ግን ውስጥ እየነደደ "ጌታ ሆይ ባርከው" ማለት ከጉሮሮ አይወጣም። ስለዚህ ከመዝሙር 55 ጀመርኩ። እዛ ላይ ዘማሪው ጠላት ቢሰድበኝ እችለው ነበር፣ አንተ ግን ወዳጄ ነህ፣ አብረን ወደ እግዚአብሔር ቤት እንሄድ ነበር እያለ ምንም ሳይደብቅ ያለቅሳል። እኔም የተደረገብኝን አንድ በአንድ፣ የሰውየውን ስም እየጠራሁ ለእግዚአብሔር ነገርኩት። ይሄ በጣም ነው የረዳኝ፣ ምክንያቱም በእረፍት ሰዓት ሐሜት ሆኖ ሊወጣ የነበረው ነገር ጠዋት ጸሎት ላይ ወጥቶ ያልቅ ነበር። እየቆየ ስለ ጤናው፣ ስለ ቤተሰቡ መጸለይ ቻልኩ። "ባርከው" የሚለው ቃል የመጣው ዘግይቶ ነው፣ ሲመጣ ግን ከልቤ ነበር።

ከዛ ፊት ለፊት አናገርኩት። ሌላውን ጉንጭህን አዙርለት ያለው ጌታ ራሱ፣ የካህናት አለቃ በነበረው በሐና ፊት አቅርበውት አንዱ ሎሌ በጥፊ ሲመታው ምን አለ? ዮሐንስ 18፥23 ላይ አለ፦ ክፉ ተናግሬ ከሆነ መስክር፣ መልካም ከሆነ ግን ለምን ትመታኛለህ? አልሰደበውም፣ አልዛተበትም፣ ግን ጠየቀው። እኔ ይሄን ጥያቄ ሳስበው ለመቺውም የተደረገ ፍቅር ነው፣ ቆም ብሎ እጁን እንዲያይ እድል ይሰጠዋል። ማቴዎስ 18፥15 ደግሞ መጀመሪያ ብቻችሁን ሆናችሁ ይላል፣ ስለዚህ ለብቻው ጠራሁትና "ወንድሜ፣ ባለፈው ያቀረብከው እኔ የሰራሁትን ነው፣ ስለ እምነቴ የምትለውንም ሰምቻለሁ፣ ያስቀየምኩህ ነገር ካለ ንገረኝ" አልኩት። ሳቀና "ምን እያልክ ነው" ብሎኝ ሄደ።

ስለዚህ ወደ አለቃችን ሄድኩ። ኢሜይሎቹን፣ ቀኖቹን፣ ፋይሎቹን ብቻ አቀረብኩ፣ ስለ ሰውየው ባህሪ አንድም ቃል አልጨመርኩም። ያኔ ነው "ክርስቲያን ሰው ይከሳል እንዴ?" የሚል ወቀሳ የመጣው። እኔን ያጸናኝ የሐዋርያት ሥራ 16 ነው። ጳውሎስና ሲላስ ፊልጵስዩስ ላይ ያለ ፍርድ በበትር ተደብድበው እስር ቤት ገቡ፣ በእኩለ ሌሊት ዘመሩ፣ በሮቹ ሲከፈቱ ራሱን ሊገድል የነበረውን ጠባቂ "ሁላችንም እዚህ ነን" ብለው አተረፉት። ሲነጋ ደግሞ ሹማምንቱ በድብቅ ሊሸኟቸው ሲሉ ጳውሎስ እምቢ አለ፣ የሮም ዜጎች ሆነን ሳለ ያለ ፍርድ በአደባባይ ደብድባችሁናል፣ ራሳችሁ መጥታችሁ አስወጡን አለ። እየው እንግዲህ፣ ሌሊት የዘመረውና ጠባቂውን ያዳነው ሰው ነው ጠዋት መብቱን የጠየቀው፣ ፍቅሩም ጥያቄውም ከአንድ ልብ ነው የወጡት። በቀል ቢፈልግ ኖሮ ያን ጠባቂ ዝም ብሎ ያየው ነበር።

የእኔም ፈተና እዚህ ላይ ነበር፣ ጉዳዩ አለቃ ጋር እያለ ሰውየው ስራ ተደራርቦበት ዴድላይን ሊያልፈው ሆነ። ሮሜ 12፥20 ጠላትህ ቢራብ አብላው ይላል፣ የእሱ ረሃብ በዛን ቀን ሰዓት ነበር፣ አብሬው አመሸሁና ጨረስን። ስለ ክሱ አላነሳሁም፣ ክሱንም አልተውኩም። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ከባድ ነው፣ አካሌ ራሱ ይደክም ነበር፣ ግን የሚቻል ነገር ነው።

ተለወጠ ወይ ካላችሁኝ፣ ስራዬን መውሰዱ ቆሟል፣ አለቃችን እያንዳንዱ ስራ ላይ የሰራው ሰው ስም እንዲጻፍ ስላደረገ። ወሬው ሙሉ በሙሉ አልቆመም። ይቅርታ አድርጌለታለሁ፣ ሰላምታችንም ጥሩ ነው፣ ያላለቀ ስራዬን ግን አላሳየውም። ይሄን ቂም ነው የሚሉኝ አሉ፣ እኔ ግን ዳዊትን ነው የማየው። በ1ኛ ሳሙኤል 24 እና 26 ሊገድለው ያሳድደው የነበረውን ንጉሥ ሳኦልን መግደል ሲችል ሁለቴ ትቶታል፣ ሳኦልም በድያለሁ፣ ልጄ ዳዊት ሆይ ተመለስ ብሎታል። ዳዊት ግን ሳኦል ተኝቶ ሳለ የወሰደበትን ጦር መልሶለት መንገዱን ሄደ፣ አብሮት ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ሳኦል ጦር ሲወረውርበት ያየ ነዋ።

ይሄን የምጽፈው የእኔ ነገር የቃልና የስራ በደል ስለነበረ ነው፣ ቤት ውስጥ እየተመታችሁ ያላችሁ ካላችሁ ግን የእኔን አካሄድ አትከተሉ፣ ብቻችሁን ቁጭ ብላችሁ ለማነጋገርም አትሞክሩ። ዳዊት እንኳን በመስኮት ወርዶ ነው ያመለጠው፣ ሚስቱ ሜልኮል አውርዳው፣ 1ኛ ሳሙኤል 19 ላይ አለ። ለምታምኑት ሰው ዛሬውኑ ንገሩ፣ ውጡ፣ ለሕግም አመልክቱ፣ "ታገሱ" ብሎ የሚመልሳችሁ አገልጋይ ካጋጠማችሁ ሌላ አገልጋይ ፈልጉ።