ዞምቢዎቹ የተነሱበት ኮረብታ

ከዋሽንግተን ተነስተን፣ ፒትስበርግን አልፈን ፔንሲልቬንያ ያለችው ኢቫንስ ሲቲ የገባነው ከሰዓት ላይ ነው። ከተማዋ ትንሽ ናት። አንድ የታወቀ የዞምቢ ፊልም ወደተቀረጸበት መቃብር የሚወስደው መንገድ ጠባብና ዳገት ነው። (ዞምቢ ማለት ከሞት ተነስቶ ሰው የሚበላ ሬሳ ነው።) የምትነዳው ጓደኛዬ ሆረር፣ ማለትም አስፈሪ ፊልም፣ አትወድም። «ሰው ለሽርሽር መቃብር ይሄዳል?» አለችኝ። ስንደርስ ጥቁር ቲሸርት የለበሱ ጥንዶች ቀድመውን ፎቶ ይነሳሉ።

ፊልሙ፣ «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ»፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ሲቀረጽ፣ እህትና ወንድም የአባታቸውን መቃብር ሊጎበኙ የሚመጡበት የመክፈቻው ትዕይንት የተሠራው እዚህ ነው። ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሮሜሮና ጓደኞቹ ፒትስበርግ ውስጥ ማስታወቂያ እየሠሩ የሚኖሩ ወጣቶች ነበሩ። ፊልሙ የፈጀው 114 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ደሙ የቸኮሌት ሽሮፕ ነው፤ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ማን ያውቃል! ዞምቢዎቹ የሚግጡትን ሥጋ ያመጣው ደግሞ ገንዘብ ካዋጡት አንዱ፣ ባለ ሥጋ ቤቱ ነው። አብዛኛው ታሪክ የሚካሄድበት የገበሬ ቤት ሊፈርስ የተወሰነበት ስለነበር እንደልባቸው ሰባበሩት። ለእኔ ፊልሙን ያሳመረው ይኸው ችግራቸው ነው። ገንዘብ ቢኖራቸው ኖሮ ያን ያህል እውነት አይመስልም ነበር።

ዋናውን ሚና የያዘው ዱዌን ጆንስ ጥቁር ነው። በዚያ ዘመን ብርቅ ነው። መጨረሻውን ላላያችሁት አልናገርም፤ ግን ፊልሙ የወጣው ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለበት በ1968 መሆኑን ይዛችሁ እዩት።

ይህን ሁሉ አፍቃሪ ያመጣው ግን አንድ ዝርክርክነት ይመስለኛል። አከፋፋዩ የፊልሙን ስም ሲቀይር የቅጂ መብት ምልክቱ ከአሮጌው ርዕስ ጋር አብሮ ከፊልሙ ላይ ጠፋ። በጊዜው ሕግ ምልክት ከሌለ መብትም የለም። ስለዚህ ሲኒማ ቤቱም ቴሌቪዥኑም ሳይከፍል ያሳየው ጀመር። ሠሪዎቹ ብዙ ገንዘብ አመለጣቸው፤ ፊልሙ ግን የሁሉም ሆነ።

መቃብሩ ውስጥ ያለችው ትንሽዬ ጸሎት ቤት ልትፈርስ ነበር። የፊልሙ የድምፅ ባለሙያ የነበረው ጋሪ ስትራይነር አፍቃሪዎቹን አስተባብሮ፣ ገንዘብ ተዋጥቶ ታደሰች። ጓደኛዬ ይህን ስትሰማ ትንሽ ለዘብ አለች።

ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዞረን ሞንሮቪል የገበያ ማዕከል ገባን። ሮሜሮ በ1978 የወጣውን ተከታዩን ፊልም ሱቆቹ ከተዘጉ በኋላ ሌሊት ሌሊት የቀረጸው እዚያ ነው። በፊልሙ የሚታየው የበረዶ መንሸራተቻ ድሮ ፈርሶ መመገቢያ ቦታ ተደርጓል። እኔ ግድግዳውን ስመረምር ጓደኛዬ ፒዛ አዘዘች።