ቫን ላይ ሶላር ለምታስገጥሙ፦ ከፓነሉ በፊት ሒሳቡ

የሲያትል ወይም የዲሲ ኪራይ ያንገሸገሸው ቫን ገዝቶ አልጋ ሲዘረጋበት፣ ረጅም መንገድ የሚሠራ ሾፌርም ከኋላ ፍሪጅ ሲያስገጥም፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ዋት ፓነል ልግዛ?» ነው። ፓነል የሚመረጠው መጨረሻ ላይ ነው። በቅድሚያ በ24 ሰዓት ስንት እንደምትጠቀሙ ቁጠሩ።

በ12 ቮልት የሚሠራ ትንሽ የኮምፕሬሰር ፍሪጅ ሲነሳ 45 ዋት ገደማ ይስባል፤ እየተነሳ እየጠፋ ስለሚውል ግን በቀን 500 ዋት-ሰዓት ያዙለት። ሙቀት ሲበዛ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። የጣሪያ ፋን ሌሊቱን 150፣ ላፕቶፕ ለሦስት ሰዓት 180፣ መብራትና ስልክ 80። ድምሩ 910 ነው። 100 አምፒር-ሰዓት የሚይዝ የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ 1280 ዋት-ሰዓት ይሰጣል። ያው 100 የተጻፈበት ኤጂኤም የሚባለው የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው ስለሚያጥር፣ በተግባር የምታገኙት 600 ገደማ ብቻ ነው፤ ክብደቱም ከሊቲየሙ እጥፍ ይበልጣል። ደመና የሚውልበት ቀን ስላለ ሊቲየሙን 200 አድርጉት።

ምጣዱን እርሱት። አሜሪካ የሚሸጠው የኤሌክትሪክ ምጣድ አብዛኛው 1500 ዋት ነው፤ ይህ በኢንቨርተር (የባትሪውን 12 ቮልት ወደ ቤት ኤሌክትሪክ በሚቀይረው ዕቃ) ሲያልፍ ከባትሪው 130 አምፒር ይስባል። የብዙዎቹ ባለ 100 አምፒር-ሰዓት ባትሪዎች መከላከያ ሰርኪዩት፣ ማለትም ቢኤምኤሱ፣ 100 አምፒር ላይ ይዘጋል። ምጣዱ ሳይግል ቫኑ ድርግም ይላል። ሁለት ባትሪ ቢችለው እንኳ የአንድ ሰዓት ጋገራ የቀኑን ፍጆታ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይበላል። እንጀራው ከሱቅ ይገዛ፣ ቡናውም በጋዝ ይፈላ (ስትቆሉ በሩን ክፈቱ፤ የጭስ ማስጠንቀቂያው ቡና አያውቅም)። ምጣዱ ከቀረ ትልቅ ኢንቨርተርም ይቀራል፦ ባለ 300 ዋት ፒዩር ሳይን፣ ማለትም እንደ ቤት ኤሌክትሪክ ንጹሕ ሞገድ የሚሰጠው፣ ይበቃል። ርካሹ ሞዲፋይድ ሳይን አንዳንዱን ቻርጀር ያግላል፣ ድምፅም ያሰማል።

አሁን ወደ ፀሐይ። ፊኒክስ በጁን ወር ጣሪያ ላይ የተጋደመ ፓነል በቀን ከ7 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ (በሙሉ ዋቱ የሠራበት ሰዓት ያህል) በላይ ያገኛል። ሲያትል በዲሴምበር ግን አንድ ሰዓት ካገኘ ጥሩ ነው። 400 ዋት ፓነል እዚያ በቀን 300 ዋት-ሰዓት ቢሰጥ ነው፤ ለፍሪጁም አይበቃ። ስለዚህ ሰሜን የምትኖሩ ሦስተኛ ፓነል ከመጨመራችሁ በፊት ከመኪናው ዲናሞ የሚሞላ ዲሲ-ቱ-ዲሲ ቻርጀር ግዙ። ባለ 30 አምፒሩ በአንድ ሰዓት መንዳት 400 ዋት-ሰዓት ገደማ ያስገባል። ሊቲየምን በቀጥታ ከዲናሞው ጋር ማገናኘት ግን አይሆንም፦ ባትሪው የተሰጠውን ሁሉ ስለሚስብ ዲናሞው ከአቅሙ በላይ ሠርቶ ሊቃጠል ይችላል። የቅርብ ጊዜ ቫኖች የዲናሞውን ቮልቴጅ በኮምፒውተር ከፍ ዝቅ ስለሚያደርጉ፣ ሞተሩ መነሳቱን በቁልፉ ሽቦ የሚያውቅ ቻርጀር ይፈልጋሉ።

ከፓነል ወደ ባትሪ የሚገባውን የሚቆጣጠረው ቻርጅ ኮንትሮለር ኤምፒፒቲ የሚባለው ዓይነት ይሁን፤ የፓነሉን ትርፍ ቮልት ወደ አምፒር ይቀይራል። 75/15 ወይም 100/30 ተብሎ ሲጻፍ የመጀመሪያው ቁጥር ከፓነል የሚችለው ቮልት፣ ሁለተኛው ለባትሪ የሚሰጠው አምፒር ነው። ለ400 ዋት 30 አምፒር ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቮልቱ ላይ ነው። ባለ 100 ዋት ፓነል ጭነት ሳይኖረው 22 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ሦስቱ በተከታታይ ሲያያዙ 66 ይሆናል፤ «75 ይችለዋል» ይባላል። ፓነል ግን ሲቀዘቅዝ ቮልቱ ይጨምራል። ሚኒያፖሊስ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴልሺየስ የወረደ ጠዋት 66ቱ 75 ይደርሳል፤ ኮንትሮለሩ እዚያው ሊቃጠል ይችላል። ባለ 100 ቮልቱን ግዙ። ፋኑ ወይም የዕቃ መጫኛው ጥላ የሚጥልባቸውን ፓነሎች ትይዩ አያይዙ፤ ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ለእያንዳንዱ ፊውዝ ይግባ። ጣሪያ ላይ የሚለጠፉትን ተጣጣፊ ፓነሎች አልመክርም፤ ከሥር አየር ስለሌላቸው ግለው ቶሎ ይሞታሉ።

ቅዝቃዜ ባትሪውንም ይነካል። ሊቲየም ከ32 ዲግሪ ፋራናይት በታች ከተሞላ ውስጡ የማይመለስ ጉዳት ይደርስበታል። ቢኤምኤሱ በቅዝቃዜ መሙላት የሚያቆም መሆኑን ሳታረጋግጡ አትግዙ፤ ባትሪውንም ወለል ሥር ሳይሆን የምትተኙበት ክፍል ውስጥ አድርጉት።

የሽቦውን ነገር ሰው ይንቃል። የግድ 2000 ዋት ኢንቨርተር ካላችሁ ሲጫን 185 አምፒር ይስባል፤ 2/0 ጌጅ ንጹሕ መዳብና በተቻለ መጠን አጭር ሽቦ ይፈልጋል። ገበያ ላይ በርካሽ የሚገኘው ብዙው መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ጫፉን ስትፍቁት ውስጡ ነጭ ሆኖ ይታያል። ካፖኮርዳውን፣ ማለትም የሽቦው ጫፍ የሚገባበትን ማያያዣ፣ በመዶሻ ወይም በፒንሳ አትጨፍልቁት፤ የሃይድሮሊክ መጭመቂያ ተዋሱ። ባትሪው ሙሉ ሆኖ ኢንቨርተሩ «ቮልት አነሰ» እያለ ከጮኸ ባትሪውን አትውቀሱ። ጭነቱ ላይ እያለ መጀመሪያ የባትሪውን ጫፎች፣ ቀጥሎ የኢንቨርተሩን ለኩ። እዚህ 13.1፣ እዚያ 12.0 ካሳየ ጥፋቱ ሽቦው ወይም ካፖኮርዳው ላይ ነው፤ የላላው በእጅም ሲነካ ይግላል።

ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ይቀመጥ፤ ከፊውዙ በፊት ያለው ሽቦ መከላከያ የለውም። ሊቲየም ሾርት ሲያደርግ የሚለቀው ኃይል ተራውን ፊውዝ ቀልጦም ብልጭታው እንዲሻገር ስለሚያደርገው፣ ለዋናው መስመር ክላስ ቲ የሚባለውን ተጠቀሙ።

ስታገናኙ ኮንትሮለሩ ቀድሞ ባትሪውን ይይ፤ የባትሪው ዓይነት ሊቲየም ላይ ይደረግ፣ መሙያው ከ14.2 እስከ 14.4 ቮልት፣ ኢኳላይዜሽን የሚለው (ለእርሳስ ባትሪ የሚሆን ከፍ ባለ ቮልት መሙላት) ይጥፋ። ፓነሉ ከዚያ በኋላ ይሰካ፤ ለጥገና ስትፈቱ ደግሞ ቀድሞ የሚነቀለው እሱ ነው።