እማዬ ስለ ወንድሜ ማመስገኗን አላቋረጠችም

ይህን ምስክርነት የምጽፈው እማዬም ወንድሜም ፈቅደውልኝ ነው። ወንድሜ እንዲያውም «ጻፊው፣ የኔ ዓይነት ብዙ ልጅ አለ» አለኝ። እውነቱን ነው። ወሎ ውስጥ በባሕር ወደ ዓረብ አገር የሄደ ልጅ የሌለበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል።

ያደግነው ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። እኔ አግብቼ ኮምቦልቻ ወረድኩ። በዓል ሲደርስ ግን ሐረጎን ወጥተን እማዬ ቤት እንሰበሰባለን። እዚያ ቤት አንድ ሥርዓት አለ። አባዬ ድፎ ዳቦውን ባርኮ ከመቁረሱ በፊት ሁሉም በተራው ያመሰግናል። የእማዬ ደንብ ጥብቅ ነው። ምስጋናው ስለ ሰው መሆን አለበት። ስለ ቤት፣ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ዕቃ አይቻልም። የአንድ ሰው ስም ትጠራለህ፣ ስለ እሱ እግዚአብሔርን ታመሰግናለህ። ልመና ካለህ ከዚያ በኋላ ነው።

ከየት እንዳመጣችው ስጠይቃት «ከቅዳሴ» አለችኝ። በመግቢያው ላይ ካህኑ በጎ ነገር ያደረገልንን ይቅር ባይ እግዚአብሔርን እናመሰግናለን ይልና ይቆጥራል። ጠብቆናልና፣ ረድቶናልና፣ እስከዚህች ሰዓት አድርሶናልና። «ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ካለች እኔ ቤት ለምን አይባልም?» አለች።

ወንድሜ የወጣው በ2012 መጀመሪያ ላይ ነው። ደላላው ከሌሎች ልጆች ጋር በባቲ በኩል ወደ ሚሌ፣ ከዚያም ወደ ጅቡቲ አሻገረው። ከኦቦክ አንድ ጊዜ ደወለልኝ። «ዛሬ ማታ ጀልባ ላይ ነን፣ ለእማዬ እንዳትነግሪያት» አለ። ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ወዲያው ኮሮና መጣ። ድንበር ተዘጋ። የመን ደግሞ ጦርነት ላይ ነበረች። በየት በኩል እንደምንጠይቅ እንኳ አናውቅም ነበር።

በዚያ ዓመት ፋሲካን ያከበርነው በራችንን ዘግተን ነው። የእማዬ ተራ ሲደርስ «ስለ ልጄ አመሰግንሃለሁ፤ ያለበትን አንተ ታውቃለህ» አለች። ገና ሲመጣም ይህንኑ አለች። በቀጣዩ ፋሲካም እንዲሁ። ዘመድ ጭንቅ ያዘው። ቁርጥሽን ዕወቂ፣ ለቅሶ ተቀመጪ የሚሏት መጡ። አንዷ አክስቴ ተስካር እስከማንሳት ደረሰች። በክፋት አልነበረም፤ ሐዘኑ እንዲወጣላት ብለው ነው። እማዬ ግን «የሰጠኝ ጌታ ወስጄዋለሁ አላለኝም» ብላ ወደ ማጀት ገባች። ሌሊት ስትጸልይ የሰማኋት እኔ ነኝ። ታለቅሳለች፣ ትማጸናለች፣ ግን ሁልጊዜ የምትጀምረው ከምስጋና ነው። ሲወለድ ያሳያትን፣ በልጅነቱ ከኩፍኝ ያተረፈላትን ሳይቀር አንድ በአንድ ታነሳለታለች።

ጥቅምት 2014 መጨረሻ ላይ የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። እኛ ልጆቻችንን ይዘን ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸን። እማዬና አባዬ ቤታችንን አንለቅም ብለው ቀሩ። ስልክ ተቋረጠ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተማው ሲለቀቅ ተመልሰን በሕይወት አገኘናቸው። ሙስሊሟ ጎረቤታችን፣ እኛ ልጆቹ እታለም የምንላት፣ የነበራትን ዱቄት በጣሳ እየሰፈረች ግማሽ በግማሽ ስታካፍላቸው ነበር የከረመችው። በዚያ ገና እማዬ ደንቧን ራሷ አፍርሳ ስለ ሁለት ሰው አመሰገነች። ስለ እታለምና ስለ ወንድሜ።

ጥር ላይ ኔትወርክ ተስተካክሎ ኢሞ ስከፍት ከማላውቀው ቁጥር የተላከ ድምፅ አገኘሁ። ከሳዑዲ እስር ቤት የወጣ የወረባቦ ልጅ ነው። «ወንድምሽ በሕይወት አለ። አንድ ክፍል ነበርን። ቁጥርሽን በቃሉ ነው የያዘው» ይላል። ስልኩን ይዤ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ወዲያው ለእማዬ ደወልኩላት። እልልታዋ ጎረቤቱን ሁሉ አስወጣው።

መጋቢት 2014 መጨረሻ ላይ መንግሥት ከሳዑዲ 100 ሺህ ገደማ ዜጎችን ለመመለስ በረራ ጀመረ። ወንድሜም ከተመለሱት አንዱ ሆነ። ግን እማዬ ቤት አልሄደም። በሆሣዕና ሳምንት፣ ማታ፣ ኮምቦልቻ የእኔን በር አንኳኳ። በመጀመሪያ አላወቅኩትም። ከስቶ ጉንጩ ገብቷል። በእጁ አንድ ፌስታል ብቻ ይዟል። ውስጡ ሊሴፓሴው (የመመለሻ የጉዞ ወረቀቱ)፣ አንድ ፎጣና ነጠላ ጫማ ነበር። «ደሴ አልወጣም። በዚህ እጄ በበዓል እማዬ ቤት አልገባም» አለኝ።

እዚህ ላይ የሚያንገበግበኝን ልናገር። በበዓል ተሰብስበን የምናወራው ምንድነው? የእገሌ ልጅ ቤት ሠራላት፣ የእገሊት ልጅ ፍሪጅ ላከችላት። ልጆቻችን ይህን እየሰሙ ነው ያደጉት። ሞት ያለበትን ባሕር የሚሻገሩት ከድህነቱ እኩል ይህን ወሬ ሸሽተው ነው። ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ምን ይዘህ መጣህ?» ነው። ከእግዚአብሔር የለመንነው ልጅ ቆሞ እያየን ዓይናችን ሻንጣ ይፈልጋል። ይህ በክርስቲያን ቤት መኖር የለበትም።

ለእማዬ ሳልደውልላት ማደር አልቻልኩም። በማግስቱ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ወረደች። ወንድሜ ሲያያት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አጠገቡ ተቀመጠችና ጭንቅላቱን ደረቷ ላይ አስጠጋችው። «እኔ እኮ የለመንኩት አንተን ነው» አለችው። «ዕቃ ለምኜ አላውቅም። የለመንኩትን ሰጥቶኛል። ተነስ፣ ቤትህ እንሂድ።» አብሯት ወጣ።

የፋሲካ ሌሊት መድኃኔ ዓለም አብረን ቆምን። ካህኑ «አሰሮ ለሰይጣን» ሲል ሕዝቡ «አግዐዞ ለአዳም» ይመልሳል። አዳምን ነፃ አወጣው ማለት ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የመለስኩት ቃል ነው። ያን ሌሊት ግን ከእስር የወጣው ወንድሜ ጎኔ ቆሞ ድምፄ አልወጣ አለኝ።

ስንፈስክ እማዬ ወጡን አወጣች። ፈረሰኛው በቤታችን ሁልጊዜ የአባዬ ነው። አባዬ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ያን ዕለት ፈረሰኛውን በእንጀራ ጠቅልሎ ለወንድሜ አጎረሰው። እጁ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። በዚያ ዓመት ፋሲካና ረመዳን ገጥመው ነበርና እታለም ቀኑን ጾማ ዋለች። አፍጥራ፣ መግሪብ ሰግዳ፣ ቴምር በሰሃን ይዛ መጣች። «አልሐምዱሊላህ! ስንት ሌሊት ዱዓ ያደረግኩልህ ልጅ» ብላ ሳመችው።

ግን ተፈወሰ አልልም። በምስጋናው ሰዓት ተራው ሲደርስ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ሌሊት ይቃዣል፣ ይጮኻል። ጸበል ተጠመቀ፣ አባቶች ጸለዩለት። እማዬ መስከረም 21 ግሸን ማርያም ወጥታ ስለቷን አስገባች፤ እዚያም አፉ እንዲፈታ ለመነች። ማንም «ተናገር» ብሎ አላስጨነቀውም። በየበዓሉ ተራው ይደርሳል፣ ዝም ይላል፣ ያልፈዋል።

በ2015 ገና ተናገረ። «ስለ አንድ የሐይቅ ከተማ ልጅ አመሰግናለሁ» አለ። የመን በረሃ ላይ ውኃ ሲያልቅ በሃይላንድ የቀረችውን አካፍሎታል። ልጁ ድንበሩን አልተሻገረም። ወንድሜ ከሌሎች ጋር ሆኖ በእጁ ነው የቀበረው። እናቱ አታውቅም። «መንደሩን አውቀዋለሁ፤ እኔ ተርፌ እንዴት ዓይኗን አያለሁ?» ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ያን ሁሉ ጊዜ ጉሮሮው ላይ ቆሞ የነበረው ይህ ነው።

በሳምንቱ አባዬ፣ እማዬና ወንድሜ ሐይቅ ሄዱ። ከባድ ቀን ነበር፤ የዚያችን እናት ለቅሶ እዚህ አልጽፈውም። ሲጨርሱ ግን የወንድሜን እጅ ይዛ «ልጄን አፈር ያለበሱት እነዚህ ናቸው?» ብላ እንደሳመችለት እማዬ ነገረችኝ። ከዚያ ጉዞ በኋላ ቅዠቱ ለቀቀው። አዎ፣ ጸበሉም ጊዜውም ረድቶታል። የእማዬን ጸሎት የሰማው እግዚአብሔር መሆኑን ግን አልጠራጠርም፤ የመለሰላትም በዚያው በምስጋናው ተራ ነው። ያቺ እናት ዛሬ ዘመዳችን ናት፤ ለፋሲካ ከእኛ ጋር ትውላለች።

ወንድሜ አሁን ኮምቦልቻ ባጃጅ ይሠራል። በዓል ሲደርስ ከስደት ተመልሰው ቤታቸው ለመግባት ያፈሩ ልጆችን እየፈለገ ይዞ ይመጣል። ባለፈው ፋሲካ አንዱ በር ላይ ቆሞ አልገባም አለ። ባዶ እጁን ነበር። ወንድሜ ወጣና ትከሻውን ይዞ «አብሽር፣ እዚህ ቤት ምን ይዘህ መጣህ አይባልም» አለው። አስገብቶም ከአባዬ ጎን አስቀመጠው።