ቦርዱ ደህና ነበር፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት

ኢኤስፒ32 የምትባለውን፣ ኮድ የሚጫንባትን ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ መነካካት ከጀመርኩ አራት ወር ሆነኝ። ኤልኢዲ ማብራቱን፣ ሰርቮ ማዞሩን ሁሉም ስለሚጽፈው እዘለዋለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ላፕቶፔ ቦርዴን ሁለት ሳምንት ሙሉ አላየሁም ብሎ ስላንከራተተኝ ነው። ትናንት ማታ ታረቁ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ገመዱን ነው። ይሄ ሁላችንንም የበላ ጉድ ነው። ተራ የዩኤስቢ ገመድ ውስጥ አራት ሽቦ አለ፤ ቀይና ጥቁሩ ኃይል፣ አረንጓዴና ነጩ ዳታ ያስተላልፋሉ። ቻርጅ ብቻ የሚያደርጉት ገመዶች ግን የዳታዎቹ ሽቦዎች ጭራሽ የላቸውም። እና ቦርዱ ላይ ያለችው መብራት ቦግ ስትል "ይሄው ይሠራል" ትላላችሁ፣ ኮምፒውተሩ ግን ምንም አላየም። በዚያው ገመድ ከስልካችሁ ፎቶ ገልብጡ፤ እምቢ ካለ ለቻርጅ ተዉት። ቤት ካሉኝ አምስት ገመዶች ዳታ የሚያሳልፉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። በእህቴ የጥፍር ቀለም ምልክት አድርጌባቸዋለሁ (አላወቀችም)።

የኔ ችግር ግን ገመዱ አልነበረም። ምልክት ባለውም ሰካሁት፣ ያው ነው። ኮድ ቦርዱ ላይ የምጭንበትን ፕሮግራም፣ አርዱዊኖን፣ ሦስቴ አጥፍቼ ጫንኩ። ድራይቨር (ኮምፒውተሩን ከዕቃው ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ፍለጋ ሌሊቱን ፈጀሁ፤ ቦርዱ ላይ ከዩኤስቢው አጠገብ ያለችው፣ ዩኤስቢውን ከቦርዱ ጋር የምታገናኘው ቺፕ ሲኤች340 ነች፣ እኔ ደግሞ የምጠቀመው ኡቡንቱ 22.04 የሚባለውን ሊኑክስ ነው፣ የሷ ድራይቨር ሊኑክስ ውስጥ ድሮውኑ አለ። ዊንዶውስ ላይ ማውረድ ሊያስፈልግ ይችላል፣ ሊኑክስ ላይ ግን በከንቱ ነው የደከምኩት።

ከዚያ ያደረግኩትን ስናገር አፍራለሁ። ቦርዱን ይዤ ሱቁ ሄድኩና "የሞተ ዕቃ ሸጥክልኝ" ብዬ ጮህኩ። ልጁ ምንም ሳይመልስልኝ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካው፣ ፖርቱ (ኮምፒውተሩ ቦርዱን የሚያገኝበት በር) ዓይኔ እያየ ብቅ አለ። "ወንድሜ፣ ይሄ'ኮ ይሠራል" አለኝ። እኔ ግን ድርቅ ብዬ አስቀየርኩት። አዲሱም ቤት ስደርስ ያው!

መፍትሔው የተገኘው መነካካቱን ትቼ ማንበብ ስጀምር ነው። ዲሜሴጅ (dmesg) የሚባል ትእዛዝ አለ፣ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) የሚያወራውን ያሳያችኋል። በሱዶ (እንደ አስተዳዳሪ)፣ ዳሽ ደብሊው (-w) ጨምራችሁ ክፈቱትና ቦርዱን ሰኩ። የኔው ላይ ሲኤች341 የሚል መስመር መጣና (የቺፗ ድራይቨር ስም ነው) ቲቲዋይ ዩኤስቢ ዜሮ በሚባለው ፖርት ላይ ተገናኘ አለ፣ ወዲያው ደግሞ ተቋረጠ አለ። በሁለቱ መሃል ቢአርኤልቲቲዋይ (brltty) የሚል ስም ተሰንቅሯል። ይሄ ለዓይነ ስውራን የብሬል ማሳያ መሣሪያዎችን የሚያሠራ ፕሮግራም ነው። አንዳንዶቹ መሣሪያዎች የኔዋን ቺፕ መለያ ቁጥር፣ 1ኤ86 ከ7523 ጋር፣ ስለሚጠቀሙ ቦርዴን የነሱ መስሎት እየነጠቀኝ ነው! ፕሮግራም በሚያጠፋው ትእዛዝ፣ በአፕት ሪሙቭ፣ አነሳሁት፣ ነቅዬ ሰካሁት፣ ፖርቱ መጣ። በሌሊት ብቻዬን አጨበጨብኩ። ብሬል የሚጠቀም ሰው ያለበት ኮምፒውተር ከሆነ ግን እንዳትሰርዙት፤ የዩዴቭ ደንቡ (ዕቃ ሲሰካ ሊኑክስ ምን እንደሚያደርግ የሚናገረው ፋይል) ውስጥ ያንን ቁጥር የያዘውን መስመር ብቻ ማገድ ይበቃል።

እና እባካችሁ "ፎርማት አድርገው" የምትሉ ሰዎች ተዉን። ያ ምክር ሳይሆን ተስፋ መቁረጥ ነው።

ፖርቱ ከመጣ በኋላ ደግሞ ፈቃድ የለህም አለኝ። ትክክለኛው መንገድ ራስን ዳያልአውት (dialout) ግሩፕ፣ ማለትም ፖርቱን እንዲጠቀሙ የተፈቀደላቸው ተጠቃሚዎች ቡድን ውስጥ ጨምሮ፣ ወጥቶ መግባት ነው። እኔ ግን ቸኩዬ በሲኤችሞድ (chmod) 666 ፖርቱን ለማንም ከፈትኩት፣ እና በሰካሁት ቁጥር እንደገና እጽፈዋለሁ። እንደኔ አታድርጉ። ኮድ ስትጭኑ "ኮኔክቲንግ" ብሎ ነጥብ እየደረደረ ቆሞ ከቀረ፣ ኮዱ መግባት እስኪጀምር ድረስ ቦርዱ ላይ ቡት የሚለውን በተን ተጭናችሁ ያዙት፣ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል።

አሁን አትክልት ማጠጫ ልሠራ ነው። የአፈር እርጥበት ሴንሰር ያስፈልገኛል፣ ያገኘሁት ደግሞ ያ ልጅ ጋ ብቻ ነው። ሰሞኑን በሱቁ በኩል ማለፍ ትቼ ዞሬ ነበር የምሄደው። ቅዳሜ ግን መሄዴ አይቀርም።